ስንተኛ ሳምንት ነው? የሕፃን የአየር ቧንቧ በማህፀን ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ በኋላ ከሚመጣው የሳንባ በሽታ ጋርስ ምን ያገናኘዋል

ጅማ ውስጥ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሲመጣልን ከክብደቱ በፊት የምንጠይቀው «ስንተኛ ሳምንት ነው?» ብለን ነው። 1,400 ግራም የሚመዝን የ34 ሳምንት ሕፃንና 1,400 ግራም የሚመዝን የ30 ሳምንት ሕፃን ሚዛን ላይ እኩል ናቸው፤ ሳንባቸው ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ራሱን ችሎ ይተነፍሳል። ሁለተኛው ዛሬ ማታ እርዳታ ካላገኘ ላይነጋለት ይችላል። ይህን የምንጽፈው ለአዲስ ነርሶችና አዋላጆች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እንዲሁም «የልጃችሁ ሳንባ አልጠነከረም» ተብለው ግራ ለገባቸው ወላጆች ነው።

ሳምንቱን መቁጠር

የፅንስ ዕድገት መጻሕፍት ከፅንሰት ቀን ይቆጥራሉ፤ አዋላጅ የምትቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። በሁለቱ መካከል 2 ሳምንት ያህል ልዩነት አለ፤ ብዙ ተማሪ የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በታች ቧንቧው እንዴት እንደሚሠራ ስናወራ የምንጠቅሰው ሳምንት ከፅንሰት የሚቆጠረው ነው፤ ስለ ሕክምና ስናወራ ከወር አበባ የሚቆጠረው ነው።

በእኛ የቀን አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው። ሙሉ እርግዝና 280 ቀን ነው፤ ወራችን ደግሞ ሁልጊዜ 30 ቀን። ስለዚህ በመጨረሻው የወር አበባ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል። የምታሳስተው ጳጉሜን ናት። መንገድ ላይ ጳጉሜን ካለች የሚደመረው 9 ወር ከ5 ቀን ብቻ ይሆናል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን። ጥር 12 የወር አበባዋን ያየች እናት የመውለጃ ቀኗ ጥቅምት 17 ነው እንጂ ጥቅምት 22 አይደለም።

ዛሬ ስንተኛ ሳምንት ላይ እንዳለች ለማወቅ እያንዳንዱ ወር 4 ሳምንት ከ2 ቀን ተደርጎ ይቆጠራል። ያቺው እናት ሰኔ 20 ብትመጣ 5 ወር ከ8 ቀን ሆኗታል፤ 158 ቀን ማለት ነው፤ 22 ሳምንት ከ4 ቀን። ወሩን በደፈናው 4 ሳምንት ብሎ የቆጠረ ሰው በስምንተኛው ወር ላይ 16 ቀን ይስታል፤ የ34 ሳምንቷን እናት 32 ሳምንት ያደርጋታል። ለሳንባ ማጠንከሪያው መርፌ ይህ ስሕተት ትንሽ አይደለም።

ቀኑን የማያስታውሱ እናቶች ብዙ ናቸው። «መቼ ነበር?» ብሎ ደጋግሞ መጨቅጨቅ ዝም ብሎ የተጠራ ቀን ያመጣል እንጂ እውነቱን አያመጣም። የሚሻለው በሚያስታውሱት ነገር መጠየቅ ነው፦ «እህቴ፣ ለጥምቀት አይተሽ ነበር?»፣ «ቡና ለቀማው ሲያልቅ ነው ወይስ ሳይጀመር?»። ሙስሊም እናት ስለ ረመዳን ብትጠየቅ ብዙ ጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ ትሰጣለች፤ በወር አበባ ምክንያት ያልጾመቻቸውን ቀኖች በኋላ ስለምትከፍል ቁጥራቸውን ትይዛለች። ከዚያ በኋላ አልትራሳውንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የታየ እንደሆነ ስሕተቱ ከሳምንት አይበልጥም፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ግን 3 ሳምንት ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከሰቃም ሆነ ከዴዶ የምትመጣ ነፍሰ ጡር አንድ ጊዜ ብቻ አልትራሳውንድ የመነሳት አቅም ካላት ያ አንድ ጊዜ ከ24ኛው ሳምንት በፊት ይሁን።

ቧንቧው ሲዘረጋ

ከፅንሰት 4 ሳምንት ገደማ በኋላ፣ የምግብ ቧንቧ ከሚሆነው ቱቦ ፊት ለፊት ትንሽ እንቡጥ ትወጣለች። ሳንባ የሚጀምረው እዚያ ነው። እንቡጧ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ለሁለት ትከፈላለች፣ ከዚያ ቀኙ በሦስት፣ ግራው በሁለት ዋና ቅርንጫፍ ይቀጥላል፤ ቅርንጫፉ ቅርንጫፍ እያወጣ ይሄዳል። የት ላይ ቅርንጫፍ እንደሚወጣ የሚወስነው በዙሪያው ያለው ለስላሳ ሥጋ ነው። ኤፍጂኤፍ-10 የሚባል የመልእክት ፕሮቲን ይለቃል፤ የቧንቧው ጫፍም ወደዚያ ያድጋል። ጫፉ በበኩሉ «በቃ» የሚል መልእክት ይመልሳል። እንዲህ በመቀባበል እስከ 17ኛው ሳምንት አየር የሚያመላልሱት ቧንቧዎች በሙሉ ተሠርተው ያልቃሉ።

ይህን አንድ ነገር አንባቢው ይያዝልን። ከ17ኛው ሳምንት በኋላ አዲስ የአየር ቧንቧ አይጨመርም፤ ያለው ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ እንጂ ቁጥሩ አይበዛም። በቧንቧዎቹ ጫፍ ላይ ያሉት ደቃቅ የአየር ከረጢቶች ግን ታሪካቸው ሌላ ነው። በብዛት የሚሠሩት ከመወለጃው ጥቂት ሳምንታት በፊት ጀምሮ በልጅነት ዓመታት ነው፤ ሕፃኑ ሲወለድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩት አዋቂ ሲሆን በመቶ ሚሊዮኖች ይሆናሉ። ቧንቧን የሚጎዳና ከረጢትን የሚጎዳ ነገር በጊዜ የሚለያዩት ለዚህ ነው።

ቧንቧው እየተዘረጋ ውስጡ በሕዋሳት ይለበሳል። መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ግንዱ ላይ ያሉት ሶክስ-2፣ ጫፉ ላይ ያሉት ሶክስ-9 የተባለውን የዘር መቆጣጠሪያ ፕሮቲን ይይዛሉ፤ በሰው ፅንስ ጫፍ ላይ ለተወሰኑ ሳምንታት ሁለቱም አብረው ይገኛሉ። በአይጥ እንዲህ አይደለም፤ በአይጥ የተገኘን ሁሉ እንዳለ ወደ ሰው ማምጣት የማይቻለው ለዚህም ጭምር ነው። ከዚያ ሥራ ይከፋፈላሉ። ከሥር የሚቀመጡት የመሠረት ሕዋሳት ናቸው፤ ዕድሜ ልክ የተጎዳውን የሚተኩት እነሱ ናቸው። ከላይ ንፍጥና መከላከያ ፈሳሽ የሚያመነጩ ሕዋሳት፣ በአጠገባቸው ደግሞ ሲሊያ የሚባል ደቃቅ ፀጉር የለበሱ ሕዋሳት ይሰለፋሉ። ማን ምን እንደሚሆን የሚወሰነው ጎን ለጎን በሚተላለፍ መልእክት ነው፤ ኖች የሚባለው መልእክት የደረሰው ሕዋስ አመንጪ ይሆናል፣ ያልደረሰው ፀጉር ያበቅላል።

ባለ ፀጉሩ ሕዋስ አንዱ ብቻ 200 ያህል ሲሊያ አለው። በሴኮንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይመታሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ጉሮሮ። አቧራውንና ጀርሙን የያዘው ንፍጥ በእነሱ ጀርባ ላይ ተጭኖ ይወጣል፤ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። የጅማ የእንጨት ሥራ ቤቶች ብናኝም፣ የበርበሬ መቁሊያው ጭስም የሚጠረገው በዚሁ መንገድ ነው።

ቀድሞ የሚሳሳተው

እንቡጧ ከምግብ ቧንቧው በወጉ ካልተለየች ሕፃኑ የምግብ ቧንቧው ተዘግቶ፣ ከአየር ቧንቧው ጋር ቀዳዳ ለቀዳዳ ተገናኝቶ ይወለዳል። ምልክቱ ይታያል፦ አፉ ያለማቋረጥ አረፋ ይደፍቃል፣ መጀመሪያ ሲጠባ ያንቀዋል፣ ይጠቁራል። ቁጥር 8 ወይም 10 የምግብ ቱቦ በአፉ ሲገባ ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር ላይ ቆሞ አልሄድ ይላል። በጉልበት መግፋት አይገባም። ጡቱን ማቆም፣ ራሱን ከፍ አድርጎ ማስተኛት፣ አፉን በየጊዜው መምጠጥና ለቀዶ ሕክምና መላክ ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ሲፓፕ (በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ የአየር ግፊት የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ መደረግ የለበትም፤ አየሩ በቀዳዳው ወደ ሆድ ይገባና ሆዱን ነፍቶ ትንፋሹን ያባብሰዋል። ሆዱ ጎድጉዶ የልብ ምቱ በቀኝ በኩል የሚሰማ ሕፃንም እንዲሁ ነው፤ ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራሙ፣ ሳይገጥም ቀርቶ አንጀቱ ደረት ገብቶ ይሆናልና አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚያስገባው ከረጢት) ከነጭምብሉም ሆነ ሲፓፕ ይጎዳዋል።

ሲሊያው በተፈጥሮ የማይመታ ልጅ ደግሞ አለ። በሽታው ብርቅ ነው፤ ብርቅ ስለሆነም ይታለፋል። በጊዜው ተወልዶ፣ ምጡም ቀላል ሆኖ ሳለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኦክስጅን የሚፈልግ፣ ከተወለደ ጀምሮ አፍንጫው የማይደርቅ፣ በጋ ከክረምት እርጥብ ሳል የማይለቀው፣ ጆሮው የሚመግል ልጅ ሲገጥም መጠርጠር ያስፈልጋል። ከእነዚህ ልጆች ግማሾቹ ልባቸው በቀኝ በኩል ነው፤ ስለዚህ የደረት ራጅ ሲታይ የግራና የቀኝ ምልክቱን ማመሳከር ዋጋ አለው። እርግጥ ነው፣ እዚህ አገር ለቆየ ሳል መጀመሪያ ቲቢ ይመረመራል፤ ትክክልም ነው። ቲቢው ተመርምሮ ሳይገኝ መድኃኒቱ ደጋግሞ ተሰጥቶ ሳሉ እንዳለ ከቀጠለ ግን ምክንያቱ ከውልደት በፊት ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ሦስተኛው የውኃ ጉዳይ ነው። በማህፀን ሳንባ ባዶ አይደለም፤ የራሱ ሕዋሳት በሚያመነጩት ፈሳሽ የተሞላ ነው፤ የሚወጠረውና የሚያድገውም በዚያ ፈሳሽ ግፊት ነው። የሽርት ውኃ ከ24ኛው ሳምንት በፊት ፈስሶ ለሳምንታት ከቀጠለ ሳንባው ተጨማድዶ ሊቀር ይችላል። ውኃ ወርዶ «ምጥ የለኝም» ብሎ ቤት መቀመጥ ከኢንፌክሽኑ በላይ ይህም አደጋ አለው። በመውለጃ ጊዜ ያው ፈሳሽ መመጠጥ አለበት፤ ምጡ ራሱ ለሕዋሳቱ «ምጠጡ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ምጥ ሳይጀምር በቀዶ የተወለደ ሕፃን ለአንድና ለሁለት ቀን ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው፤ አብዛኛው በ72 ሰዓት ውስጥ ይሻለዋል።

ከረጢቱን ክፍት የሚያደርገው

የሁለት እርጥብ ፌስታል ገጾች ሲጣበቁ መለየት እንዴት እንደሚያስቸግር አስቡት። የአየር ከረጢቶች ግድግዳም ውስጡ እርጥብ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ መጨረሻ ይጣበቅ ነበር። እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ሰርፋክታንት የሚባል ቅባት ነው፤ የሚሠሩት በከረጢቱ ጥግ የሚቀመጡ ሁለተኛ ዓይነት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። ከ24ኛው ሳምንት ገደማ ጀምረው ጥቂት ጥቂት ይሠራሉ፤ የሚበቃ የሚኖረው ከ34ና 35ኛው ሳምንት በኋላ ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የሚገድለው የዚህ ቅባት እጥረት መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በአገራችን ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ጅማን ጨምሮ በአምስት ሆስፒታሎች በተደረገው ጥናት ካለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት 45 በመቶ ያህሉን የገደለው ይኸው ነው፤ ኢንፌክሽን በ30 በመቶ ይከተላል።

ሳንባ የሚያጠነክረው መርፌ ዴክሳሜታዞን ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሳንባን እንደሚያጠነክር የተገኘው በበጎች ላይ ሲሆን በእናቶች ላይ ሠርቶ የታየው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያን ጊዜ የተሰጠው የዚሁ ዘመድ የሆነው ቤታሜታዞን ነበር። ለእናት ይወጋል፣ በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፋል፣ ሕዋሳቱን ያፋጥናል። መጠኑ 6 ሚሊግራም በጡንቻ፣ በየ12 ሰዓቱ፣ 4 ጊዜ ነው። በአንድ ሚሊ 4 ሚሊግራም ከሆነ 1.5 ሚሊ ይቀዳል፤ ሁሉም አምፑል አንድ ዓይነት ስላልሆነ ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው። ዋናው ጥቅም ከመጀመሪያው መርፌ 24 ሰዓት በኋላ እስከ 7 ቀን ነው፤ ሆኖም «አራቱ አይሞላላትም» ተብሎ የመጀመሪያው መቅረት የለበትም።

የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ሳምንቱ ነው። መርፌው ከ24 እስከ 34 ሳምንት ላለች፣ በቅርብ ቀን ትወልዳለች ተብላ በርግጥ ለምትጠበቅ፣ የማህፀን ኢንፌክሽን ለሌላት እናት ነው፤ ሕፃኑን የሚቀበል ክፍልም ሲኖር። በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው በስድስት አገሮች የተካሄደ ትልቅ ሙከራ ሳምንቱ በቅጡ ሳይታወቅ በስፋት ሲሰጥ፣ ከተወጉት ብዙዎቹ በጊዜያቸው ወለዱ፤ የአራስ ሞትም ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ። በ2020 ግን ሳምንቱን በአልትራሳውንድ አረጋግጦ በሆስፒታል የሰጠው ሙከራ ሞትን ቀነሰ። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የለየው ቆጠራውና ሕፃኑ የሚያርፍበት ክፍል ነው። ከላይ ስለ ጳጉሜን ያን ያህል የደከምነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ሪፈር ወረቀት ላይ «8:00» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ አንዱ ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው እንደ ፈረንጅ ጠዋት 2 ሰዓት ይለዋል። የ6 ሰዓት ስሕተት ነው፤ ቀጣዩ መርፌ ወይ ይቸኩላል ወይ ይዘገያል። «ከቀኑ 8 ሰዓት» ተብሎ በፊደል ይጻፍ፣ ስንተኛው መርፌ እንደሆነም ይጨመርበት። የስኳር ሕመም ያለባት እናት ከሆነች መርፌው ስኳሯን ከፍ ስለሚያደርግ መለካቱ ይደጋገም።

ሲፓፕ ላይ የሚገባ ሕፃን

ሰርፋክታንት ያነሰው ሕፃን በሚተነፍስ ቁጥር ያቃስታል። ማቃሰቱ ልፋት ነው፤ ጉሮሮውን በከፊል ዘግቶ ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ ግፊት ለመያዝ ይሞክራል። አፍንጫው ይርገበገባል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፣ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ይተነፍሳል። ሲፓፕ እሱ በጉሮሮው የሚሞክረውን በውኃ ይሠራለታል። ጫፉ ውኃ ውስጥ የተነከረው ቱቦ ስንት ሴንቲሜትር እንደገባ ግፊቱም ያንኑ ያህል ነው፤ ብዙ ጊዜ በ5 ሴንቲሜትር ይጀመራል። ከ32 ሳምንት በታች ለተወለደ፣ ምልክቱ እስኪከፋ ሳይጠበቅ ከተወለደ ወዲያው ቢጀመር ይሻላል።

ውኃው አረፋ እያወጣ የማይፈላ ከሆነ ግፊት የለም ማለት ነው። አየሩ የሚያመልጥበትን ፈልጎ ለማግኘት አጭሩ መንገድ ይህ ነው፦ የአፍንጫ ቱቦዎቹን ከሕፃኑ አውጥቶ በጣት ጫን ብሎ መድፈን። አሁን ከፈላ አየሩ የሚያመልጠው ሕፃኑ ዘንድ ነው፤ ወይ አፉ ተከፍቷል ወይ የአፍንጫ ቱቦው ለአፍንጫው ቀጥኗል። አሁንም ካልፈላ የሚያመልጠው ከመሣሪያው ወገን ነው፤ መጋጠሚያዎቹን፣ የእርጥበት ማሰሮውን ክዳን፣ የኦክስጅኑን ፍሰት ማየት ነው። የሚፈላ ሆኖ ሕፃኑ ካልተሻለው ደግሞ ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ጤዛ፣ በንፍጥ የተዘጋ አፍንጫ፣ ወይም አንገቱ የታጠፈ ሕፃን ይፈለጋል።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውኃ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጤዛ እየገባበት ከፍ ይላል፣ ወይም ይተናል። በየሰዓቱ ምልክቱ ላይ መሆኑ ይታይ። የአፍንጫ ቱቦው ከአፍንጫው መካከል ግድግዳ 2 ሚሊሜትር ያህል ፈቀቅ ማለት አለበት፤ ከነካው ቆዳው መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይነጣል፣ ከዚያ ይቆስላል፤ አንዴ ከተበላ አይመለስም። በአፍ የገባ የሆድ ቱቦ ክፍት ሆኖ ከሕፃኑ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ የገባው አየር ይወጣበታል።

ኦክስጅን ራሱ መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ ይመርዛል። ኦክስጅን እየተሰጠው ያለ የ30 ሳምንት ሕፃን የደም ኦክስጅኑ ከ90 እስከ 95 በመቶ መሆን አለበት። መሣሪያው 99 ሲያሳይ ወላጅ ደስ ይለዋል፤ እኛ ግን ኦክስጅኑን እንቀንሳለን። የበዛው ኦክስጅን ዓይኑን ያሳውራል፣ ገና በመሠራት ላይ ያሉትን ከረጢቶችም ያቃጥላል፤ ከረጢት መሥራቱ እዚያው ላይ ይቆማል። ከወራት በኋላ ሳል በያዘው ቁጥር ሆስፒታል የሚተኛ ልጅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚለየው ማሽን) መብራት ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ የተሞላ ሲሊንደር በአጠገቡ ይኑር፤ መክፈቻ ቁልፉም በክር ታስሮ እዚያው ይንጠልጠል።

ሲረጋጋ፣ ሲቻልም ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ፣ ገላ ለገላ ከእናቱ ጋር። በቀን ከ8 ሰዓት ያላነሰ፣ ቢቻል 24 ሰዓት። ራቁት ደረቷ ላይ ቀጥ ብሎ እንደ እንቁራሪት ይታቀፋል፤ ኮፍያ፣ ካልሲና ዳይፐር ብቻ። ነጠላው የላይኛው ጠርዙ ከጆሮው በታች ይሁን፣ ራሱ ወደ ጎን ዞሮ አገጩ በትንሹ ቀና ይበል። የዚህ ሕፃን የአየር ቧንቧ ቀለበቶች ገና ለስላሳ ናቸው፤ አገጩ ደረቱ ላይ ከተደፋ ቧንቧው ይታጠፋል፣ እናት እንኳ ሳትሰማ ትንፋሹ ይቋረጣል። አማት ወይም አባት ተክተው ቢይዙት ምንም አይከለክልም።

ጭሱ

ዝናብ በሚበዛበት በጅማ ማዕድ ቤቱ ይዘጋል፣ እንጨቱ ይረጥባል፣ እርጥብ እንጨት ደግሞ ከሚነደው የሚጨሰው ይበልጣል። ከጭሱ ጋር ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የፅንሱን ደም ከእናቱ ደም ይልቅ አጥብቆ ይይዛል፣ ቶሎም አይለቅም። የሲጋራና የሺሻ ኒኮቲን እንግዴ ልጅን አልፎ የቧንቧውን ዕድገት ይለውጣል፤ እናት ያጨሰችባቸው ሕፃናት ጠበብ ባለ የአየር ቧንቧ ይወለዳሉ፣ ቶሎም ሲር ሲር ይላቸዋል። በጫት መቃሚያ ክፍል ዳር የምትቀመጥ ነፍሰ ጡር ራሷ ባታጨስም ትተነፍሰዋለች።

የሚቻለው ይህ ነው። እንጨቱ ከክረምት በፊት ተፈልጦ ከጣሪያ ሥር ይደርድር። ምጣዱ እንጨት በሚቆጥበው «ምርጥ» ምድጃ ወይም በኤሌክትሪክ ይሁን። ቡናው የሚቆላው በር ላይ ይሁን፣ በርበሬው ነፍሰ ጡር በሌለችበት። ከሰል ውጭ ቀልቶ ቢገባም ሽታ የሌለው ጋዙ አይቀርም፤ አራስ ቤት ውስጥ ጨርሶ ባይገባ ነው የምንመርጠው፤ ሙቀቱን የእናት ገላ ይሰጣል። የአራስ ቤት ዕጣንና የወይራ ጭስም ለጊዜው ቢቀር አራሷን የሚጎዳት ነገር የለም፤ ሕፃኑን ግን ይጠቅመዋል። በጊቤ ዳርቻ ወባ ባለበት ቀበሌ ደግሞ አጎበሩ የሳንባ መከላከያም ነው፤ ወባ ያለ ጊዜ ምጥ ያመጣልና።

ይህ ጉዳይ በልጅነት አያበቃም። ሳንባ አቅሙ የሚሞላው በ20ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በዕድሜ ይቀንሳል። ዝቅ ካለ ጫፍ የጀመረ ሰው ቶሎ ይወድቃል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሥር የሰደደ የሳንባ መዘጋት ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሳንባቸው ቶሎ የወደቀ ሳይሆን ከመጀመሪያውም ያልሞላ እንደነበር አሳይቷል። ሲጋራ ነክተው የማያውቁ፣ ዕድሜያቸውን ምጣድ ሥር ያሳለፉ እናቶች ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሁለቱም ይደራረብባቸዋል።

ሲር ሲር የሚለው ልጅ

የአራስ ዋና የአየር ቧንቧ ውስጡ 4 ሚሊሜትር ያህል ነው። ግድግዳው በ1 ሚሊሜትር ቢያብጥ ቀዳዳው ወደ ሩብ ይወርዳል፣ አየሩን ለማሳለፍ የሚጠይቀው ጉልበት ግን 16 እጥፍ ይሆናል። ጠቦ የተወለደ ቧንቧ ተራ ጉንፋን ሲይዘው የሚያፏጨው ለዚህ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲያፏጭ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው፤ ሁሌ አስም አይደለም፤ የሚነፋው ሳልቡታሞልም (የአየር ቧንቧን የሚያሰፋው መድኃኒት) ላይሠራለት ይችላል። ሐኪም ያዘዘለት ልጅ ግን መድኃኒቱ ሳንባው እንዲደርስ በመንፊያውና በአፉ መካከል የሚገባ ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ይህም በግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ይሠራል።

የመንፊያው አፍ በጠርሙሱ ቂጥ ላይ በእስክሪብቶ ይሳል። ወፍራም ሽቦ በዚያው ቅርጽ ታጥፎ እስኪቀላ ይግላል፣ ከዚያ ቂጡ ላይ ተጭኖ ቀዳዳው ይቀልጣል። በቢላ መቁረጥ ጥሩ አይደለም፤ ጠርዙ ይሸራረፋል፣ አየር ያስወጣል፣ ስብርባሪውም ልጁ ጉሮሮ ሊገባ ይችላል። መንፊያው ጥብቅ ብሎ ይግባ፣ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸግ። ጠርሙሱ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ በጨርቅ ሳይወለወል በራሱ ይድረቅ፤ ከተወለወለ ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስበዋል። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ መንፊያው ይናወጣል፣ የጠርሙሱ አፍ በልጁ ከንፈር ይገጠማል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫናል፣ ልጁ 5 ጊዜ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ሁለተኛው ከግማሽ ደቂቃ በኋላ፣ እንደገና ተናውጦ። ሁለትና ሦስቱን በአንዴ መንፋት መድኃኒቱን ጠርሙሱ ውስጥ ያስቀረዋል። ከንፈሩን መግጠም ለማይችል ትንሽ ልጅ አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ጭምብል ያስፈልጋል።

ደረቱ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ጠርሙሱን ትቶ መሮጥ ነው። ትንፋሹ ሲቆጠር ደግሞ ልጁ ሳያለቅስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር፤ ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 ወር እስከ ዓመት 50፣ ከዓመት እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ፈጣን ነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ የሚያዘው ወረቀት

ይህ ልጅ በሁለትና በሦስት ዓመቱ አጋሮ ወይም ሰርቦ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚያየው ባለሙያ የሚያውቀው የዛሬውን ሳል ብቻ ነው። ስለዚህ በክትባት ካርዱ የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ መስመር እንጽፋለን፤ ለምሳሌ «በ30 ሳምንት ከ2 ቀን ተወለደ፣ 1,350 ግራም፣ ዴክሳሜታዞን 4 ጊዜ፣ ሲፓፕ 6 ቀን፣ ኦክስጅን 9 ቀን»። ሳምንቱ በምን እንደታወቀም ይጻፍ፣ በወር አበባ ወይስ በአልትራሳውንድ፣ አልትራሳውንዱስ በስንተኛው ወር ላይ የተነሳ ነው። አንብበን ለወላጆቹ እናስረዳለን፣ በስልካቸው ፎቶ እንዲያነሱት እናደርጋለን። ካርዱ በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ በጅማ ዝናብ በባጃጅ ሲጓዙ መጀመሪያ የሚረጥበውና የሚጠፋው በእስክሪብቶ የተጻፈው ነው።